ቅናት ያላት መኪና

ማር የነካው ፕላስቲክ ፀሐይ ሲያገኘው የራሱ የሆነ ሽታ አለው። የሰም፣ ያረረ ስኳርና የአሮጌ ጎማ ድብልቅ ነው። ባለፈው ሰሞን ከአማኑኤል ገበያ የገዛሁት ማር ክዳኑ ላልቶ ኖሮ መኪናዬ ውስጥ ፈሰሰ። በማግስቱ በሩን ስከፍት ያ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ በአንዴ የስድስት ዓመት ልጅ ሆንኩ። የቀበቶውን መቆለፊያ ልፈትግበት የያዝኩትን የጥርስ ብሩሽ እንደጨበጥኩ ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና ብቻዬን ሳቅኩ። የሚያልፍ ሰው ቢያየኝ ምን ይለኝ እንደነበር እንጃ።

ትዝ ያለኝ የዚያ ዓመት ሁዳዴ ነው።

አባቴ ይበልጣል ደብረ ማርቆስ ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነበር። «ይበልጣል የሰፋው አይተረተርም» ይባል ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚለው ግን እሱ ራሱ ነው። እናቴ ትርንጎ ደግሞ በጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነበረች። ሥራዋ ሕፃን መቀበል ቢሆንም፣ መንገድ ላይ አደጋ ሲደርስ የሚመጣውንም ሰው ከሚቀበሉት አንዷ እሷ ናት። እንዲህ ባለ ቀን ቤት ስትገባ ራት አትበላም። አንድ ቀን አባዬ «ምን ሆነሽ ነው?» ቢላት፣ «ዛሬ በመስታወት የወጣ ሰው መጣብን» አለችው። እኔ በመስታወት መውጣት በመስኮት ሾልኮ እንደ መውጣት ያለ ነገር መስሎኝ፣ ይህን ያህል ቀልጣፋ ሰው መጥቶላት ለምን እንደከፋት አልገባኝም።

ጥር ላይ አጎቴ ትልቅ መኪና ገዛና አሮጌ ነጭ የቤት መኪናውን ለእማዬ ሰጣት። መንጃ ፈቃድ ያላት እሷ ናት፤ አባዬ መንዳት አይችልም። መኪናዋ ግን የእሱም እንድትሆን ስለፈለገ፣ በመጣች በሳምንቷ ቀይ ከፋይ ገዝቶ ለወንበሮቿ ሁሉ ልብስ ሰፋላቸው። ጥብቅ ያለ፣ ዳር ዳሩ በቢጫ ክር የተዘመዘመ፣ የሠርግ መኪና የሚያስመስል ነገር ነበር። የቀበቶዎቹ መቆለፊያ ሁሉ ከከፋዩ ሥር ተቀብሮ ቀረ።

እማዬ ከሥራ መጥታ ዞራ ዞራ አየችው። «ቆንጆ ነው» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ማስተዋል፣ እስቲ መቀስ አምጪልኝ።»

«መቀስ ምን ያደርግልሻል?» አለ አባዬ።

«ቀበቶዎቹን ላወጣቸው ነዋ።»

«የፊቶቹን እሺ። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ምን ያሳስረዋል? ፊት ለፊቱ ወንበር አለለት!»

«ወንበሩ ላይስ ማን አለ?»

«አንቺ።»

«እንግዲያው እኔ ላይ ነው የሚመጣው» አለችና ከፋዩን ሰነጠቀችው። አባዬ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ፤ ልክ ልጁ መርፌ ስትወጋ ማየት እንደማይችል ሰው።

የአባዬን አባት ሁሉም ሰው የኔታ ነው የሚላቸው። እኔ ስማቸው ይመስለኝ ነበር። ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ደብር ቅኔ ያስተምሩ ነበር። በዚያ ሁዳዴ መግቢያ ላይ ማርቆስ መጥተው የአንድ ዓይናቸው ሞራ ተገፈፈላቸው። ሐኪሙ ዓይናቸውን እንዳያሹ፣ ራሳቸውን ነገር እንዳይመታቸው፣ በየቅዳሜውም እየመጡ እንዲታዩ አዘዘ። «እንግዲያው እኛው ዘንድ ይክረሙ» ቢባሉ፣ «ተማሪዎቼን ለማን ጥዬ?» አሉ። ስለዚህ እማዬ ቅዳሜ ማለዳ እኔን ከኋላ አስቀምጣ አማኑኤል ትሄዳለች፣ ይዛቸው ትመጣለች፣ ከሰዓት መልሳ ታደርሳቸዋለች።

የመጀመሪያው ቀን የኔታ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ አንድ ዓይናቸውን በፋሻ ሸፍነው ከፊት ወንበር እንደ ዳኛ ተሰየሙ። እማዬ ቀበቶውን ስባ አጎነበሰች።

«የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ላስርዎት ነው።»

«ምን አጠፋሁ ልጄ?»

«ምንም አላጠፉ። ሕጉ ነው። ድንገት ብንቆም ከፊት እንዳይመታዎት ነው።»

«እስቲ አሳዪኝ።» በደህናው ዓይናቸው እየተመለከቱ ጥብጣቡን በጣታቸው ዳሰሱት፣ ገለበጡት፣ ሳብ ሳብ አደረጉት። «ኧረግ! ይሄማ ቅናት ነው። መኪናም ቅናት አላት በይኛ!»

«ሁሉም መኪና አለው የኔታ።»

«መልካም ነው። ቅናት የሌለው መነኩሴ ምን መነኩሴ ነው! እሰሪኝ እንግዲህ።»

በግዕዝ ቅናት ማለት መታጠቂያ፣ የወገብ ቀበቶ ነው። ይህን የስድስት ዓመት ልጅ ከየት ታውቀዋለች? እኔ የማውቀው ቅናት አንድ ብቻ ነበር፤ የጎረቤታችን የእትዬ በላይነሽ ልጅ አዲስ ጫማ ሲገዛላት ሆዴ ውስጥ የሚነደው። ስለ መነኩሴዎቹ ትንሽ ገረመኝ። ስለ መኪናችን ግን ነገሩ ወዲያው ቁልጭ አለልኝ፤ መኪናችን ትቀናለች።

ማስረጃም ነበረኝ። ቀበቶዬን ቀስ ብዬ ስስበው እንደ ለማዳ በግ ተከትሎኝ ይመጣል። በመስኮት የሚታይ ነገር ኖሮ ድንገት ብድግ ስል ግን ጥርቅም አድርጎ ይይዘኛል። የሚያምር መኪና ሲያልፈን ዘወር ልል ስሞክር ይይዘኛል። እማዬ ፍሬን ስትረግጥ ይይዘኛል፤ ይኼ የሆነው መኪናዋ ወርደን እንዳንተዋት ስለምትሰጋ ነው። «አይዞሽ፣ የትም አልሄድም» እላታለሁ በሹክሹክታ፣ ከፋዩን እየደባበስኩ። ትንሽ ቆይታ ላላ ታደርግልኛለች። ለእትዬ በላይነሽ ልጅም፣ በእኛ መኪና አጠገብ ስታልፍ የሌላ ሰው መኪና እንዳታደንቅ አስጠንቅቄያት ነበር።

ችግሩ ቀበቶው ለእኔ አልተሠራም። ደረቴ ላይ በማረፍ ፈንታ አንገቴ ላይ ነበር የሚሄደው። ሲከረክረኝ ጊዜ ከብብቴ ሥር አሳለፍኩት። እማዬ በመስታወቷ አየችኝና መኪናዋን ዳር አስይዛ አቆመች።

«እሱን ከብብትሽ አውጪ! እንዲህ ሆነሽ ብንጋጭ ጎድንሽን ነው የሚሰብረው።»

«አንገቴን እየቆረጠኝ ነዋ!»

«አዎ፣ እንደዚያም መሆን የለበትም።»

«ታዲያ የት ላድርገው?»

እማዬ ትክ ብላ አየችኝ። «ጥፋቱ የቀበቶው አይደለም። አንቺ ነሽ ያነስሽው» አለች።

ይህን እንደ ወቀሳ ወሰድኩት። ያን ሰሞን ማታ ማታ ሽሮዬን ሁለት ጊዜ እያስጨመርኩ በላሁ፤ ጠዋት ጠዋት ከበሩ መቃን ጋር እየተለካሁ ምንም ለውጥ አጣሁ። በመጨረሻ ከእማዬ ጋር የምትሠራ ሴት አዲስ አበባ ደርሳ ስትመለስ የልጅ ወንበር ይዛላት መጣች። ጥቁር፣ ግራና ቀኝ ጆሮ ያለው፣ ትልቅ ነገር ነው። ሁለት ማሰሪያ ከትከሻ፣ ሁለት ከወገብ፣ አንድ ከእግሬ መሃል ይመጡና ሆዴ ላይ ካለች፣ ስትጫን ከምትፈታ ቀይ ቁልፍ ጋር ይገናኛሉ። እማዬ ወንበሩን በጉልበቷ ተጭና በመኪናው ቀበቶ አጥብቃ አሰረችው፤ ከዚያ እኔን እዚያ ላይ። ጣቷን በማሰሪያውና በደረቴ መካከል አስገብታ ለካች፤ «አልላላም፣ አልጠበቀምም» አለች። ከፍ ብዬ ስቀመጥ በመስኮቱ ሁሉ ነገር ይታየኝ ነበር። ሁሉም ሰው ደግሞ እኔን ያየኛል።

ቅዳሜ የአማኑኤል ገበያ ነው። የኔታን ይዘን ስንመለስ መንገዱ በሰውና በአህያ ተሞልቶ እማዬ እያዘገመች ነበር የምትሄደው። መስኮቶቹ ተከፍተዋል። አንዲት አሮጊት ወደ ውስጥ ብቅ ብለው መጀመሪያ እኔን አዩኝ፣ በአምስት ማሰሪያ የተጠፈርኩትን። ቀጥለው ከፊት የተቀመጡትን ባለ ጥምጥም ካህን አዩ። እንደገና እኔን አዩኝ። ፊታቸው በሐዘን ተጨማደደ።

«እኔን! እኔን ልጄን! መቼ ነው የያዛት?»

እማዬ ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው፤ የተጠየቀችው ስለ ማሰሪያው መሰላት። «ከጠዋት ጀምሮ ነው እናቴ» አለች።

«ትጮሃለች?»

«ኧረ፣ እየለመደችው ነው።»

«የት ፀበል ልትወስዷት ነው ታዲያ?»

የኔታ ነገሩ የገባቸው ያኔ ነው። «እናቴ፣ ልጅቱ ምንም አልሆነች። የታሰርነውኮ ሁላችንም ነን!» አሉና የራሳቸውን ቀበቶ ከደረታቸው ሳብ አድርገው አሳዩ። አሮጊቷ የኔታን ከነፋሻቸው አዩ። አንገታቸውን አስግገው እማዬንም አዩ፤ ታስራለች።

«ወይኔ! ቤተሰቡን በሙሉ!» አሉና አማተቡ። ከዚያ ከመቀነታቸው ቋጠሮ አንድ እፍኝ ቆሎ ፈትተው በመስኮት እጄ ላይ አፈሰሱልኝ። «ለመንገዳችሁ፤ ይማራችሁ!»

እማዬ ከገበያው እስክንወጣ ድረስ ከንፈሯን ነክሳ ቆየችና መጨረሻ ላይ መኪናዋን አቁማ መሪው ላይ ተደፍታ ሳቀች። የኔታ ሐኪሙ ዓይን ያስጨንቃል ብሎ ሳቅ ስለከለከላቸው፣ በአፍንጫቸው ብቻ ነበር የሚስቁት። እኔ ግን ቆሎዬን እየቆረጠምኩ ተከዝኩ። የመኪናችን ቅናት እስከ አማኑኤል ገበያ ድረስ ተሰምቷል ማለት ነው።

ማሩ የመጣው በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። የኔታ ከቀፏቸው ያስቆረጡትን ማር በማሰሮ ይዘው፣ «ለልጄ ለይበልጣል» ብለው ጭናቸው መካከል አቅፈውት ተቀመጡ። ማርቆስ ልንገባ ስንል አንድ ጉድጓድ መታን፤ ማሩ ተደፋ። ግማሹ ጋቢያቸው ላይ ቀረ፣ ግማሹ በከፋዩ ሸለቆ ወርዶ መቆለፊያው ውስጥ ገባ። ሰኞ ዕለት እማዬ ብትሞክረው ምላሱ ይገባል እንጂ «ቀጭ» አይልም። ጉንዳን ደግሞ ከግቢው ጫፍ ተሰልፎ በጎማው በኩል ወጥቶ ይገባል።

እማዬ ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙናና የጥርስ ብሩሽ ይዛ ተቀመጠች። ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስባ አወጣችና እንደ ሕፃን ገላ በቀስታ ታሸው ጀመር። እትዬ በላይነሽ በአጥሩ በላይ አንገታቸውን አውጥተው፣ «በረኪና ጣል አድርጊበት እንጂ! ጥጥ ነው የሚመስልልሽ!» አሉ።

«ጥጥ ይመስላል እትዬ፣ ክሩን ግን በልቶ ይጨርሰዋል።»

«እና እንዲሁ በሳሙና?»

«በሳሙና። ከዚያ ጥላ ላይ ይደርቃል።»

«ለአራስም እንዲህ አልተደረገላት» ብለው ገቡ።

እማዬ ቀበቶውን ዘርግታ ስታደርቀው ነው ሌላውን ጉድ ያየችው። ወደ ላይኛው ጫፍ፣ ሁልጊዜ ተጠቅልሎ ስለሚኖር የማይታየው ቦታ፣ ዳሩ ተበልቷል። አጎቴ ዘንድ በነበረችበት ጊዜ ሳይጠቀለል ላልቶ እየቀረ በር ደጋግሞ ነክሶት ኖሯል፤ ክሩ ጭራሮ መስሎ ተንጨፍሯል።

አባዬ ይህን ሲያይ ፊቱ በራ። ከከፋዩ ቀን ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም። በመጨረሻ መኪናዋ የእሱን እጅ ፈለገች! የጫማ ሰፊ ክር ተውሶ መጣና በዚያው ምሽት በድርብ ስፌት፣ በላዩ ደግሞ በመስቀለኛ፣ አድርጎ ሰፋው። ሲጨርስ ተንጠለጠለበት። «በሬ አይበጥሰው!» አለ።

እማዬ ስፌቱን በጣቷ ዳበሰችው። «ቆንጆ ነው» አለች።

አወቅኩት፤ መቀሱን ልታስመጣኝ ነው።

«ምን ጎደለው?» አለ አባዬ፣ እሱም እንደኔው የገባው መሰለኝ።

«ምንም። ግን በዚህ ወንበር ሰው አይቀመጥም። አዲስ ቀበቶ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ።»

«የኔ ስፌት አይተረተርም!»

«ስፌትህ አይተረተርም ይበልጣል። ጨርቁ ነው በመርፌ የተበሳሳው፤ በመርፌው ቀዳዳ ነው የሚቀደደው። ሱሪ ቢቀደድ ሰው ያፍራል። ይሄ ቢቀደድ ሰው በመስታወት ይወጣል።»

አባዬ ክሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ገባ። ከዚያ ማታ ጀምሮ ለእማዬ መናገር የፈለገውን ሁሉ በእኔ በኩል ይልክ ጀመር። «ለእናትሽ ንገሪያት፣ ጨው አልቋል።» «ለአባትሽ ንገሪው፣ መደርደሪያው ላይ አለ።» ሦስታችንም አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠን ነው ይህ ሁሉ። እኔ ሥራውን ወድጄው ነበር። አንድ ቀን እማዬ፣ «ለአባትሽ ንገሪው፣ ያዘዝኩት አዲሱ ቀበቶ በቅርቡ ይመጣል» አለችኝና ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔ ቀበቶውን የመኪናዋ ቅናት ብዬ ስለምጠራው፣ መልእክቱን በራሴ ቃል ይዤ ሱቁ ድረስ ሮጥኩ። እንግዳ ሰው ሱሪ እየተለካ ነበር።

«አባዬ! እማዬ አዲስ ቅናት በቅርቡ ይመጣብኛል ብላሃለች!»

አባዬ ሜትሩን በሰውየው ወገብ ላይ እንዳዞረ ቆመ። «አዲስ ቅናት? በማን?»

«ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው።»

ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ። «ወንድሜ፣ ሌላ ቀን ልምጣ መሰለኝ» አለ። አባዬ ያን ቀን ሱቁን በጊዜ ዘግቶ፣ ለሦስት ዓመት ያልለበሰውን ኮት ለብሶ ቤት ገባ። እማዬ ምን እንደነካው ጠይቂው አለችኝ።

ቅዳሜ ደረሰና የኔታን ልናመጣ ሄድን። ተማሪዎቻቸው ሊሸኟቸው ከበው ነበር። የኔታ በአንድ እጃቸው መቋሚያ፣ በሌላው ትልቅ ዱባ ይዘው፣ እንደልማዳቸው ወደ ፊተኛው በር ሄዱ። እማዬ ግን የኋላውን በር ከፍታ ቆማለች።

«ዛሬ ከኋላ ይሁኑልኝ የኔታ።»

 የባልን አባት፣ ያውም የኔታን፣ ከፊት ወንበር ማንሳት ምን ማለት እንደሆነ እኔ እንኳ ይሰማኝ ነበር።

«ከፊት የሚያስነሳኝ ምን ተገኘ?»

«ቀበቶው ተጎድቷል።»

«ይበልጣል ሰፋው ሲባል ሰማሁ።»

«ሰፍቶታል።»

«የልጄን ስፌት ንቀሽ ነው?»

የእማዬ አንገት ቀላ። የመኪናውን ቁልፍ በመዳፏ ውስጥ ጨበጠችው። «አልናቅኩትም የኔታ። ስፌቱ ጥሩ ነው። እርስዎን ግን በእሱ አምኜ አልነዳም። ቢቆጡኝም ይቆጡኝ፣ ቢረግሙኝም ይርገሙኝ፤ አላንቀሳቅሳትም።»

የኔታ የፊቱን ወንበር፣ ቀጥለው ዱባውን አዩ። ከዚያ ዱባውን ለአንድ ተማሪ አቀበሉ። «እንካ፤ ይህችን ከፊት አስቀምጣት። ወንበሬን ዱባ ትውረሰው።» እና ከጎኔ ገብተው ተቀመጡ። እማዬ ስታስራቸው ወደ ሌላ አቅጣጫ ያዩ ነበር። የአማኑኤልን ገበያ እስክናልፍ ድረስ ፊታቸውን አልመለሱም። ዱባዋ ብቻ ከፊት ሆና፣ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ራሷን ትነቀንቃለች።

ከከተማው ወጥተን ቁልቁለቱን ስንጀምር ነው የሆነው። አንዲት ውርንጭላ ከእናቷ ተለይታ ከባሕር ዛፉ ውስጥ ዘላ መንገዱ መሃል ገባች። እማዬ ፍሬን ያዘች። ጎማው ጮኸ፤ መኪናዋ ዞር አለችና በአፍንጫዋ የመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ጓ ብላ ቆመች። ማሰሪያዎቼ ሁሉ በአንድ ጊዜ ያዙኝ፤ ትንፋሼ ጠፋ። ከዚያ ከፊት አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ወፍራም፣ እርጥብ ድምፅ።

አቧራው ሲረጋ ሁላችንም አንድ ነገር እያየን ነበር። ዱባዋ ከወንበሯ ተነስታ የፊት መስታወቱን መትታዋለች። መስታወቱ የሸረሪት ድር መስሎ ተሰነጣጥቋል። እሷ ሁለት ሆናለች፤ ፍሬዋ እስከ እኔ ጉልበት ድረስ ተበትኗል።

«ማስተዋል፣ አለሽ?» አሉ የኔታ።

«አለሁ።»

«ትርንጎ?»

እማዬ መሪውን እንደጨበጠች ነበር። ጣቶቿ ነጥተዋል።

«ትርንጎ ልጄ?»

«አለሁ የኔታ። ዓይንዎ? ዓይንዎን መታዎት?»

«ዓይኔ ደህና ነው። ያያል።» ደረታቸውን በእጃቸው እያሹ ወደ ፊት አዩ፤ ረጅም ጊዜ አዩ። «ዱባዪቱን ያያል» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «በእኔ ቦታ ሞተች።»

እማዬ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ተለወጠና እንደ ልጅ አለቀሰች። የኔታ ቀበቶው በፈቀደላቸው መጠን ወደ ፊት ዘንበል ብለው ትከሻዋን ያዙ። «እደጊ» አሏት። «እደጊ ልጄ።»

ውርንጭላዋ ከእናቷ ጋር ቆማ ታየናለች።

ሰው ተሰበሰበ፤ ለአባዬ ስልክ ተደወለ። እማዬና የኔታ ወርደው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔ ግን አልወርድም አልኩ። መኪናዋ ተጎድታለች፤ በዚህ ሰዓት ጥዬያት ብወርድ ምን ይሰማታል? እማዬ አካሌን ሁሉ ዳብሳ ምንም እንዳልሆንኩ ካየች በኋላ ከእኔ ጋር ለመሟገት አቅም አልነበራትም።

አባዬ በአንድ የጭነት መኪና መጣ። ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተጠመጠመ ነው። እየሮጠ ሲመጣ መጀመሪያ ያየው መስታወቱን ነው፣ ከዚያ ያንን ቢጫ ነገር፣ ከዚያ ባዶውን የፊት ወንበር። ፊቱ አመድ መሰለ። የኔታ ከኋላው ከድንጋዩ ላይ ሆነው «ዱባ ነው! ዱባ ነው ልጄ!» እያሉ ይጮሃሉ፤ አይሰማም። የኋላውን በር ከፍቶ እኔን አቀፈኝና ሳይፈታኝ ይጎትተኝ ጀመር። ወንበሩም እኔም አልመጣለት አልን። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ሳያይ የሚያስገባው ጣቱ የማሰሪያዎቹን መፍቻ አጣው።

«አባዬ፣ ቀይዋን ተጫን» አልኩት።

ተጫነ። ተፈታሁ። ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘኝና ቆመ፤ ልቡ ጆሮዬ ሥር ይመታል። በእኔ ትከሻ በላይ፣ የፊት ወንበር ቀበቶ ላይ፣ የራሱን ስፌት ያይ ነበር። ቀስ ብሎ ወደ እማዬ ዞረ።

«ትርንጎ» አለ፣ በእኔ በኩል ሳይሆን በቀጥታ። «መቀስ ይዘሻል?»

«ቤት ነው።»

«እሺ። ቤት ስንገባ እኔው እቆርጠዋለሁ።»

ቆረጠውም። እማዬ ደግሞ፣ ሰው የያዙት ሌሎቹም ቀበቶዎች፣ የእኔም ወንበር ጭምር፣ አንዴ በኃይል ስለተሳቡ ውስጣቸው ሳይጎዳ እንዳልቀረ ተናገረች፤ ሁሉም ይቀየራሉ አለች። በዓይን ሲታዩ ምንም አልሆኑም። አባዬ ይህን ጊዜ አንድ ቃል አልተከራከረም። መኪናዋ እስከ ፋሲካ ጋራዥ ቆመች፤ የኔታም ወደዱም ጠሉ እኛ ቤት ከረሙ።

ወደ ሐኪሙ የምንሄደው በታክሲ ሆነ። የመጀመሪያው ቀን የኔታ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ፣ እኔና እማዬ ከኋላቸው። የኔታ በትከሻቸው በኩል ዳበሱ፣ በወገባቸው በኩል ዳበሱ።

«ልጄ፣ ቅናት የለህም?» አሉት ሾፌሩን።

«እኔ? ኧረ የለኝም አባቴ። ቅናተኛዋ ሚስቴ ናት።»

«ያለ ቅናት እንዴት ትነዳለህ?»

«እየቀናሁማ ብነዳ ገደል ነበር የምገባው!»

ታክሲው ሙሉ ሳቀ። የኔታ ግን ሁሉም እንዲያውቀው፣ እንደ ተማሪ ቤት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አብራሩ፤ ቅናት ማለት በግዕዝ መታጠቂያ ነው፣ ይኸው የመኪናው ቀበቶ ማለት ነው። ሾፌሩ ከወንበሩ ኋላ ተጠቅልሎ የኖረውን ቀበቶ አቧራውን አራግፎ ሰጣቸው። ሁሉም «ለካ!» እያለ ተደነቀ።

እኔ ግን ወሬው ቤቴን አፈረሰብኝ። «መኪናችን አትቀናም ማለት ነው?» አልኩ።

የኔታ ዞር ብለው አዩኝ። እማዬ «ምን አለች?» አለች። ዝርዝሩን ስነግራቸው፣ ከፋዩን እየደባበስኩ የነገርኳትን ሁሉ፣ የኔታ ሐኪሙን ረስተው በአፋቸው ሙሉ ሳቁ፤ ፋሻቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው። እኔ አለቀስኩ። ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ፣ ቦዩም ውስጥ ስንገባ፣ ካልወደደችኝ ለምን ያዘችኝ?

የኔታ እንባዬን በጋቢያቸው ጫፍ አበሱልኝ። «ሳታውቅሽም ትይዝሻለች» አሉኝ። «ለዚህ ነው የተሠራች።» ያኔ አላጽናናኝም ነበር።

ከፋሲካ በኋላ መኪናዋ አዲስ መስታወትና አዳዲስ ቀበቶ ለብሳ ወጣች። እማዬ እያንዳንዱን በድንገት እየነጠቀች ሞከረች፣ እየሳበች መልሶ መጠቅለሉን አየች። የኔታ ፋሻቸው ተነሥቶ ነበር፤ በሁለት ዓይናቸው ሁሉን ነገር እያዩ መሄጃቸው ደረሰ። አባዬም ሱቁን ዘግቶ አብሮን ወጣ። የፊቱን በር ሲከፍትላቸው፣ «ከዱባዪቱ ወዲህ ያ ወንበር አላማረኝም፤ አንተው ተቀመጥበት» ብለው ከጎኔ ገቡ።

ደብሩ ጋ ስንደርስ ተማሪዎቹ በሩ ላይ ተሰልፈዋል። የሰፈሩ ሴቶች ለእልልታ አፋቸውን አሰናድተው ቆመዋል። የኔታ ግን ራሳቸውን ወደ እኔ ወንበር አዘንብለው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። እማዬ ሞተሩን አጠፋችና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ሴቶቹ እልልታቸውን ዋጡ። አገር ሙሉ መኪናዋን ከቦ የኔታን ሲተኙ ጠበቀ።

ሲነቁ ያ ሁሉ ሰው እንደሚያያቸው አዩ። ጥምጥማቸውን አስተካከሉ፣ መቋሚያቸውን ጨበጡ፣ በክብር ብድግ አሉ። ቀበቶው መልሶ አስቀመጣቸው። እንደገና ብድግ አሉ፤ እንደገና አስቀመጣቸው። ሁለት ተማሪዎች ደንግጠው ዘለሉና በሩን ከፍተው ክንዳቸውን ያዙ።

«ተው! እጃችሁን አንሡ!» አሉ የኔታ። «ዕድሜ ልኬን ቅኔ ስፈታ የኖርሁ ሰው፣ ይህችን አንዲት ቋጠሮ ያቅተኛል?»

ተማሪዎቹ ወደ ኋላ አሉ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንድ ከባድ መስመር እንደሚያወጣ ሰው፣ በጣታቸው ወገባቸውን ይፈልጉ ጀመር። አባዬ ከፊት ዞሮ ያያል፤ እጁን አልዘረጋም። እማዬም አልረዳቻቸውም። ጣታቸው ሄደ፣ ተመለሰ፣ አገኘ።

ቀጭ!

«ይበል! ይበል!» አሉ ተማሪዎቹ በአንድ አፍ፣ ጥሩ ቅኔ ሲቀርብ እንደሚሉት። ሴቶቹ እልልታውን ለቀቁት። የኔታም አንገታቸውን በትንሹ ሰበር አድርገው ምስጋናውን ተቀበሉና ወረዱ።